ውርጭ የመታው መድኃኒት

ምንይሉ ዕቃ አያያዝ ያውቃል። ይህን የማይመሰክርለት የአገራችን የቀየት ሰው የለም። ጎታው ውስጥ ነቀዝ አይገባም፤ ጃንጥላ ቢያውሱት እንኳ አድርቆና አጣጥፎ ነው የሚመልሰው። ጎረቤቱ ነኝና አንዳንዴ ያናድደኛል፤ የእኔን አጥር ጭምር ዞሮ እያየ ያርማል።

ሚስቱን እታገኝን ስኳር ሲይዛት ጠዋትና ማታ የምትወጋው መርፌ ታዘዘላት። ካልተወጋች ትሞታለች፣ ነገሩ ይኸው ነው። ጤና ጣቢያው አንድ ወር መድኃኒቱን ያመጣል፣ ሁለት ወር "አልቋል፣ ከውጭ ግዙ" ይላል። የጤና መድን መዋጮ በየዓመቱ እንከፍላለን፤ መታወቂያው ግን የሌለ መድኃኒት አይገዛም። ከውጭ ማለት ደግሞ ደብረ ብርሃን ማለት ነው፤ ያውም መኪና ከተገኘ፣ መንገዱም ሰላም ከሆነ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ መንገዱ ሲከፈት ምንይሉ በጎቹን ሸጦ ሄደ። እስከ ፋሲካ የሚያደርሳትን ብልቃጥ ይዞ ተመለሰ። የሸጠለት የመድኃኒት ቤት ልጅ፣ ሰልፉ በርትቶበት፣ "ሙቀት እንዳይነካው። ፍሪጅ ከሌላችሁ ውሃ ያለበት ገንቦ ውስጥ አድርጋችሁ ጥላ ላይ አኑሩት" ብሎታል። ምክሩ ለቆላ ሰው ነው። እኛ ዘንድ በኅዳር ደጅ ያደረ ውሃ ፊቱ መስተዋት ይሠራል። ከየት አገር እንደመጣ ግን ልጁ አልጠየቀውም፤ እሱም አልነገረው።

ምንይሉ መቼም የታዘዘውን አብልጦ ካልሠራ አይሆንለትም። ቤት ውስጥ ምድጃ አለ ብሎ ፈራ። ከቤቱ ጀርባ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ካብ ሥር፣ ገንቦውን አስቀመጠና ብልቃጦቹን በላስቲክ ቋጥሮ ውሃው ውስጥ አንጠለጠላቸው። ኅዳር ገብቶ ውርጩ የሁላችንንም ባቄላ አጠቆረው። አንገታችንን ደፍተን ማሳው ዳር ስንቆም እሱ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ "ለእታገኝ መድኃኒት ግን ደግ ነው" አለኝ። ጠዋት ጠዋት በረዶውን በአውራ ጣቱ እየሰበረ ነበር ብልቃጥ የሚያወጣው።

ከዚያ እታገኝን ውሃ ጥም ያዛት። እንስራ ሙሉ ውሃ አልበቃ አላት። ቀሚሷ ሰፋት፣ ጉንጯ ጎደጎደ፤ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሁለት ቦታ ትቀመጣለች። ምንይሉ መርፌውን አንድ ቀን አላጓደለም። መድኃኒቱ አለ፣ አያያዙም አለ፤ ታዲያ ጥፋቱ ከእሷ ካልሆነ ከማን ሊሆን ነው?

"የጓዳውን ማር ነክተሻል" አላት እኔ ባለሁበት።

"አልነካሁም።"

"ታዲያ ለምን ትከሻለሽ?"

"እኔ ምን አውቄ! በማርያም ይዤሃለሁ፣ ተወኝ።"

አልተዋትም። የማሩን ማሰሮ አምጥቶ እኔ ቤት አስቀመጠ። ምግብ ሲቀርብ እጅ እጇን ያያል። ሰው በተሰበሰበበት "ሆዳም" ብሎ ሰደባት። እታገኝን! እንግዳ አብልታ ጦሟን የምታድረዋን ሴት! ይህን ሳስብ እስካሁን ደሜ ይፈላል።

የገና ሰሞን ላይ "አዎ፣ በልቻለሁ" አለች። ደክሟት ነው፣ እንዲተዋት ብላ ነው። ምንይሉ ግን ዕረፍት አገኘ። የነፍስ አባታቸውን መምሬ ገብረየሱስን ጠርቶ አስናዘዛት። መምሬ ፊቷን አይተው "ልጄ፣ ሐኪምም ይያት" ቢሉት፣ "ጥፋቱ ታወቀ እኮ፣ አባ። ከእንግዲህ ካልነካች ትድናለች" አላቸው። እናም ተቀምጦ መዳኗን ጠበቀ። ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል ይባላል፤ እዚያ ቤት ሁለቱም ሆነ።

ማስታወክ ጀመረች። ትንፋሿ አረቄ አረቄ ሸተተ፤ ይህንም "ጠጥታ ነው" ያለ ሰው አለ። ትንፋሽ እያጠራት ስትሄድ በቃሬዛ ተሸክመን ወደ መኪናው መንገድ ወጣን። አምቡላንሱ ነዳጅ የለውም ተባለ። በግ የጫነ አይሱዙ ለምነን ከሹፌሩ ጎን አስገባናት። ግማሽ መንገድ ላይ ምንይሉ "እታገኝ" ሲላት አልመለሰችለትም።

ሆስፒታል እንደደረስን እስከዳር የምትባል ወጣት ሐኪም ደሟን መርምራ በደም ሥሯ የሚገባ ፈሳሽ ሰቀለችላት። ከዚያ የምትወጋውን መድኃኒት ጠየቀች። ምንይሉ ብልቃጡን ከእርጥብ ጨርቅ ውስጥ ፈትቶ ሰጣት።

"የት ነበር የሚያስቀምጡት፣ አባባ?"

"ውሃው በረዶ ከሚሠራበት። ሙቀት የሚባል ደርሶበት አያውቅም" አላት፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

ሐኪሟ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አገላበጠችው። እኔም አየሁት፤ ደቃቅ ፍርፋሪ ከጠርሙሱ ጎን ተጣብቋል። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "አባባ፣ ይህ መድኃኒት በረዶ ከሆነ በኋላ አይሠራም። ሲወጓት የከረሙት ውሃ ነው ማለት ይቻላል" አለችው።

"ማሩስ?" አለ ምንይሉ።

"የምን ማር?"

"በላች፤ ራሷ አምናለች።"

"ማር ባትቀምስም ከዚህ አትቀርም ነበር።"

ምንይሉ ወደ አልጋው ሄዶ ጎንበስ አለና ጆሮዋ ላይ፣ "አልበላሽም፣ እታገኝ። አወቅሁ፣ አልበላሽም። ታዲያ ለምን በላሁ አልሽኝ?" አላት። ደጋግሞ አላት። ዐይኗን አልገለጠችም። በማግስቱ ጠዋት አረፈች።

አሁን ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሁሉ "እግዜር ያጥናህ" ይለዋል። እሱ ቀና ብሎ ሰውየውን ያየውና "አልበላችም" ይላል።