ዘይት የተቀባችው የሙሽራ መኪና

ልጅ እያለሁ ጅቡቲ ውስጥ አርሂባ በሚባለው ሰፈራችን አዲስ መኪና ሲገባ እንደ አራስ ቤት ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ "እንኳን ደስ ያላችሁ" ሊል ይመጣል። እኛ ቤት የገባችው ሰማያዊ ነበረች። አባቴ ወደብ ላይ ክሬን ስለሚነዳ ከመርከብ ስትወርድ በዓይኑ አይቷታል። ውስጧ አዲስ ላስቲክ፣ አዲስ ላስቲክ ይሸታል። እኔና ወንድሞቼ በዚያ ሙቀት መስኮቱን ጥርቅም አድርገን ዘግተን ያንን ሽታ እንስብ ነበር።

የጅቡቲን አየር የኖረበት ያውቀዋል፤ ጨው ነው። የሰፈራችን መኪኖች ከሥራቸው ጀምሮ ተበልተው ወንፊት መስለዋል። አባቴ ይህ እንዳይደርስባት ጠዋት ጠዋት ያጥባታል። ግን የቧንቧው ውሃም ጨዋማ ነውና ሲደርቅ ነጫጭ ክብ ክብ ምልክት ጥሎባት ይሄዳል። ሰውዬው እንቅልፍ አጣ። ምክንያትም ነበረው። ታናሽ እህቱ፣ አክስቴ ፀሐይ፣ የሐዋርያት ጾም ተፈቶ ፍልሰታ ሳይገባ ልትዳር ነው። እናት አባታቸው ቀድመው ስለሞቱ ያሳደጋት እሱ ነበር። "እህቴ ከቤቴ በሰው መኪና አትወጣም" ብሎ ለሰው ሁሉ ተናግሯል። የሙሽራው ወገኖች ደግሞ ከድሬዳዋ በባቡር እየመጡ ናቸው።

አባቴ ጋሽ ታፈሰ የሚባል ወዳጅ ነበረው፤ ከአዲስ አበባ ወደቡ ድረስ ከባድ መኪና የሚነዳ። ሹፌሮቹ ወደ ባሕር ሲወርዱ ጨው እንዳይነካው ብለው የመኪናቸውን ቆርቆሮ በናፍጣና በዘይት ይቀቡታል። ጋሽ ታፈሰ ይህንኑ መከረው። ለሙሽራ መኪና ግን እንዳይሸት ናፍጣውን ቀንሰህ የምግብ ዘይቱን አብዛው አለ። ሰርጉ እሑድ ነው፤ ዓርብ ከሰዓት ለሁላችንም ጨርቅ ተሰጥቶን ቀባናት። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ፊታችንን እናይባት ነበር። ጋሽ ታፈሰ አጨብጭቦ፣ "ይቺ ተኩላ ተሞሽራ አልቃለች፤ ለፀሐይ ሌላ ቀን እንፈልግላት" ብሎ አሳቀን።

ቅዳሜ ጠዋት ካምሲን ተነሳ፤ ያ ከበረሃ አሸዋ ዝቆ የሚመጣ ትኩስ ንፋስ። በርና መስኮት ዘግተን ጠበቅን። ጋብ ሲል ወጥተን ስናይ መኪናችን ዱቄት ላይ ተንከባልሎ መጥበሻ የሚጠብቅ ዓሣ መስላለች። ዘይቱ አሸዋውን አንድ ሳያስቀር ይዞታል። ሰማያዊ የነበረች አትመስልም።

አባቴ ጨርቅ አንስቶ በሩን አንዴ ፈተግ ሲያደርገው ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ድምፅ ወጣ። እናቴ ከጓዳ ሮጣ ወጥታ ክንዱን ያዘች።

"አሸዋ እኮ ነው። ከፈተግከው ቀለሙን ልጠህ ትጨርሰዋለህ።"

"ታዲያ ነገ እህቴን በምን ላውጣት?"

"ተቀመጥ አልኩህ። ቱታህን እንዴት እንደማጥብልህ አንድ ቀን እንኳ አይተህ ታውቃለህ?"

ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። አክስቴ እጇ ሂና ተቀብቶ ስለነበር ሁለቱንም እጆቿን ወደ ላይ እንደያዘች መጥታ አጠገቡ ቆመች። "ወንድም ጋሼ፣ መኪናዋ ትቅር፤ አንተ ብቻ እንዳትታመምብኝ" አለችው። አባቴን እንደዚያ አንገቱን ደፍቶ አይቼው ስለማላውቅ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ታፈሰ የሚገባበት ጠፍቶት የገዛ መኪናውን ጎማ ይፈትሻል።

የአባቴ ቱታ ከወደብ ሲመለስ ግሪስና አቧራ አንድ ላይ ተጋግሮበት ነው። እናቴ ያንን ቱታ አሽታው አታውቅም፤ በሞቀ የሳሙና ውሃ ዘፍዝፋ ቆሻሻው ራሱ እስኪለቅ ትተወዋለች። አሁንም አንሶላዎቻችንን ሁሉ በሳሙና ውሃ ነክራ መኪናዋን ከአናቷ እስከ ጎማዋ አለበሰቻት። ፀሐዩ እንዳያደርቃቸው እኛ በጣሳ እየቀዳን አንሶላው ላይ እናፈሳለን። "በእጃችሁ እንዳትነኩ፤ ራሱ ይልቀቅ" ትለናለች። ከዚያ የጣራውን አንሶላ ቀስ ብላ አነሳችና ከላይ ውሃ ለቀቀችበት። ቡናማ ውሃ እየተግተለተለ ወረደ። ከሥሩ ሰማያዊ ብቅ አለ።

የቀረው ማለቅለቂያው ነበር። በቧንቧ ውሃ ከሆነ ያው ነጫጭ ክብ ሊመጣ ነው፤ የምንጠጣው ጨው የሌለው ውሃ ደግሞ አንድ ጀሪካን ብቻ ነው ያለን። ይኼኔ ሶማሌዋ ጎረቤታችን ሀዋ ጀሪካኗን አንጠልጥላ ከች አለች። "ፍየሎቼ ይህንን ውሃ ቀምሰውት አያውቁም። የናንተ መኪና ግን የተከበረች ናት፤ ትጠጣ" አለች። እሷን ያየ ሁሉ የየቤቱን ውሃ ይዞ መጣ፤ በዚያ አለቀለቅናት።

አባቴ ያን ሁሉ ጊዜ አልተነሳም ነበር። ስትደርቅ ተነስቶ ዞራት። በሩ ላይ፣ አንዴ የፈተጋት ቦታ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች ጭረት አለች፤ ሌላ ምንም የለም። መዳፉን አሳርፎባት በረጅሙ ተነፈሰና "ተመስገን" አለ፤ ከዚያ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። አክስቴ እጇ እንደተንጠለጠለ በክርኖቿ አቀፈችው። ጋሽ ታፈሰም ደፍሮ ቀረበ። ዘይቱ ባይኖር ኖሮ ጨው ይበላት እንደነበር ሊያስረዳ ሲጀምር እናቴ፣ "ጋሼ፣ ከዛሬ ወዲያ ዘይት የምትመክረኝ ለወጥ ብቻ ይሁን" አለችው።

በማግስቱ አክስቴ በወንድሟ መኪና ወጣች። ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ መንገዱ አጭር ነው፤ አባቴ ማርሹን በደንብ ሳይቀይር፣ የሴቶቹ እልልታም ሳያባራ ደረስን።

ዛሬ እኔ ራሴ አዲስ መኪና አለችኝ፤ በየቀኑ ዶራሌ ወደብ ድረስ ሥራ እሄድባታለሁ። ስገዛት ቀለሟ ላይ እንደ ብርጭቆ የሚጠነክር ነገር ቀቡልኝ፤ ጨውም አቧራም አይይዝባትም፤ ውሃ ሲነካት ሁሉም ይወርዳል። እሰየው ነው፣ ተገላገልን። አንዳንዴ ግን በዚያ በከባድ መኪኖቹ አቧራ መሐል ስነዳ፣ አንዲት ሴት ልጅ በወንድሟ መኪና ያን አጭር መንገድ እንድትሄድ ብሎ የሚጠጣውን ውሃ ያፈሰሰው ሰፈር ትዝ ይለኛል።