የሁለት ሳል አሻራ

ጎፋ በተከራየናት አንድ ክፍል ቤት፣ ግጥሞቼን ጮክ ብዬ የማነበው ለታናሽ እህቴ ብቻ ነበር። በሰማንያዎቹ መጨረሻ የሳንባ ነቀርሳ መጀመሪያ እኔን፣ ብዙም ሳይቆይ እሷን ያዘን። እሷን ያስያዛት ሳነብ ከአፌ የወጣው ትንፋሽ እንደሆነ ስላመንኩ ማንበቤን ተውኩ።

ጤና ጣቢያው ለጥናት አክታችንን ወስዶ ነበር። ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ የሚያሳየው የባክቴሪያው የዘር አሻራ ውጭ አገር ተመርምሮ እስኪመጣ፣ መድኃኒታችንን ጨረስን። እኔ ግን ከጸጸት የተነሳ መቀመጥ አልቻልኩም፤ በእግሬ እስከ ለቡ ሰፈር ደርሼ እመለስ ነበር።

አንድ ማለዳ ነርሷ እንደ ራጅ ያሉ ሁለት ፊልሞች ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ አሳየችኝ። መሰላል የሚመስሉ መስመሮች ነበሩባቸው፤ የኔና የእህቴ አይገጥሙም።

"ባክቴሪያዎቻችሁ አይዛመዱም። ከሌላ ሰው ነው የያዛት።"

"ከማን፣ ሲስተር?"

"እሱን አላወቅንም።"

ሮጬ ሄጄ ለእህቴ ነገርኳት። ሳቀች።

"እንኳን በሽታህን ካልሲህንም አልወርስ! በል አንብብ፤ ስንት ወር ሙሉ ዘጋኸኝ።"

ደብተሬን አወጣሁ። የያዛት ከማን ይሆን እያልኩ መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩና ፊቴን ወደ ውጭ አዙሬ ማንበብ ጀመርኩ።

"አንተ፣ ለጎረቤት ነው እንዴ የምታነበው?" አለች።

ወደ እሷ ዞርኩ።