ኮረንቲ ያልያዘው ፍሪጅ

ፍሪጅ ሠሪውን ሰፈሩ ቴስተር ይለዋል። በሃያ ስድስት ዓመት ሥራው መለኪያ ሲያወጣ ያየው ሰው ጥቂት ነው። የጣቱን ጀርባ ፍሪጁ ላይ ያሳርፋል፣ «ኮረንቲ ይዟል» ወይም «አልያዘም» ይላል፣ በቃ። ተሳስቶ አያውቅም።

ለካንሰሩ የሚሰጠውን ኬሞ ሰባተኛ ዙር በወሰደ በአራተኛው ቀን የጁስ ቤቷ ባለቤት አስጠራችው። ፍሪጇ ላዩ በረዶ ይጋግራል፣ ታቹ ግን ፍራፍሬውን ያሞቃል። እንደ ወትሮው ቢሆን ሳምንቱን ቤቱ ተኝቶ ነበር የሚያሳልፈው። ይሄኛው ዙር ብዙም አላስመለሰውም፤ ሥራም ናፍቆት ነበር። ሄደ።

በሩን ከፍቶ እጁን ወደ በረዶው ክፍል ሲሰድ ከጣቱ ጫፍ እስከ ክርኑ ነዘረው። እጁን መንጭቆ ሶኬቱን ነቀለ።

«ማንም እንዳይነካው። ኮረንቲ ይዟል።»

«ኧረ ጋሼ፣ ከጠዋት ጀምሮ እጄን እየከተትኩበት አይደል እንዴ?»

«ጫማሽ ጎማ ስለሆነ ነው። እሱ ነው ያተረፈሽ።»

ሴትዮዋ ዝቅ ብላ ጫማዋን አየች። ጎማ አልነበረም። ከታመመ ሰው ጋር መከራከር ግን ከበዳት።

ከቦርሳው ታች መለኪያውን ፈልጎ አወጣ። ሶኬቱን መልሶ ሰክቶ የፍሪጁን ገላ ለካ፤ ዜሮ። በሩን፣ ማጠፊያውን፣ የጀርባውን ቆርቆሮ ለካ፤ ዜሮ። የመለኪያው ባትሪ አልቆ ይሆናል ብሎ ከግድግዳ ሰዓቷ ባትሪ አውልቆ ቀየረ። አሁንም ዜሮ። ሶኬቱን ነቅሎ መሬት ላይ ጣለውና፣ ዓይኑን ከሶኬቱ ሳያነሳ፣ እጁን እንደገና ወደ በረዶው ሰደደ።

ነዘረው።

እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም። ገመዱ ከግድግዳው አንድ ክንድ ርቆ ተጋድሟል፤ ፍሪጁ ግን ይመታል። ነገ እመለሳለሁ፣ እስከዚያ እንዳትሰኪው ብሏት ወጣ። ፓፓያዬስ አይበላሽም ወይ ብላ እንደጠየቀችው ትዝ ያለው መንገድ ላይ ነው።

ቤቱ ገብቶ ሊታጠብ ሲል ደግሞ ቧንቧው መታው። ይኼኔ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ኮረንቲው ከጁስ ቤቱ ተከትሎት የመጣ መሰለው። የቤቱን መብራት ከቆጣሪው አጠፋ፣ ሚስቱን ከቧንቧው አራቃት፣ ከዚያ አፉ ስለደረቀ ከጆጉ ውሃ ተጎነጨ። ውሃው ጉሮሮው ላይ እንደ ሽቦ ቆመ። ለአፍታ ትንፋሹ የተቆረጠ መሰለው።

ሚስቱ ድስቷን እንደያዘች ታየዋለች።

«አሁን ደግሞ ውሃውም ኮረንቲ ይዟል ልትለኝ ነው?»

በማግስቱ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሆስፒታል ወሰደችው።

መንገዱን ሙሉ ምንም እንዳትናገር ሲለምናት ነበር። ምክንያት ነበረው። ኬሞ ሲወስድ ከአጠገቡ የሚቀመጠው ሾፌር ጣቴ ደነዘዘ ብሎ ተናግሮ መድኃኒቱ ተቀንሶበታል። መድኃኒት የተቀነሰበት ሰው፣ በቴስተር ግምት፣ ተስፋ የተቆረጠበት ሰው ነው። ከአንጀቱ ዕጢውን ቆርጠው አውጥተውለታል፤ ኬሞው የተረፈ ካለ እንዲጨርስ ነው። ቢቀንሱትና አንዳች ነገር ቢቀርስ? መድኃኒቱ በቂ ኃይል የለውም ብሎ ቀድሞውንም ይጠረጥር ነበር። ኬሞ ፀጉር ያረግፋል ሲባል ሰምቷል፤ የእሱ ትንሽ ሳሳ እንጂ ራሱ ላይ ነው። ስለዚህ ኬሞውን የምትሰጠው ሲስተር በየዙሩ «መደንዘዝ አለ?» ስትለው «የለም» እያለ ከርሟል።

ሲስተሯ የፍሪጁንና የቧንቧውን ነገር ከሚስቱ ሰምታ ያን ቀን አልጠየቀችውም። የሸሚዙን ቁልፎች ፈትቶ እንዲቆልፍ አዘዘችው። አንደኛው ላይ ታገለ። ሁለተኛው ሦስቴ አመለጠው።

«እኔ ነኝ የምቆልፍለት» አለች ሚስቱ። «ወር አለፈው።»

እሱ ወለሉን አየ።

ሲስተሯ የመድኃኒቱን ጠባይ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን እንደነገረችው፣ እሱ ግን ዓይኑን የሚንጠባጠበው ከረጢት ላይ ተክሎ እንደነበር አስታወሰችው። መድኃኒቱ፣ አለችው፣ ሴል ራሱን አባዝቶ ለሁለት እንዳይከፈል ያግደዋል። ካንሰር ቶሎ ቶሎ ስለሚከፈል ዋናው ዱላ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ግን መታወቂያ አይጠይቅም፤ የአፍን ውስጥ፣ የአንጀትን ሽፋን፣ ደም የሚሠራውን መቅኒም ይነካል። ፀጉርን ሙልጭ የሚያደርጉት ሌሎች ዓይነቶች ናቸው። የእሱ መድኃኒት ጠቡ ከነርቭ ጋር ነው። የተቆጣ ነርቭ ደግሞ ቅዝቃዜ ሲነካው እንደ ኮረንቲ ይነዝራል።

«ታዲያ ፍሪጁ?»

«ፍሪጁ ጤነኛ ነው። ቀዝቅዞ ነው።»

ሐኪሙ መጣና ጣቶቹን በጥጥ ነካካው። በኬሞው አብረው ከሚሰጡት ሁለት መድኃኒቶች ነርቩን የሚጎዳው እንዲቆም፣ ሌላው እንዲቀጥል ወሰነ። ቴስተር ያን የፈራውን ጥያቄ፣ ሲቀነስ ካንሰሩ ቢመለስስ ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙ፣ እስካሁን የገባው ብዙ ሠርቷል፣ በዚሁ ከገፋንበት ግን ጣቶችህ ላይመለሱ ይችላሉ አለው። ካንሰሩ አይመለስም ብሎ ግን አልማለለትም።

«ጣቴስ መቼ ይሻለዋል?»

«መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ ለጥቂት ወራት ሊብስ ይችላል። ከዚያ ቀስ በቀስ።»

«ከቆመ በኋላ ይብሳል?»

«ሊሆን ይችላል።»

ነገሩን በሁሉም በኩል አገላብጦ አየው። ከሶኬት የተነቀለ ዕቃ እየባሰበት ሲሄድ አይቶ አያውቅም። ኮሪደሩ ላይ ሚስቱ «ገብቶሃል?» ብትለው ራሱን ነቀነቀ። አዎ ይሁን አይደለም፣ አልለየላትም።

ከሰዓት በኋላ የሱፍ ጓንት አድርጎ ጁስ ቤቱ ሄደ። ፓፓያው ጠቁሯል። ሴትዮዋ ለጠብ ተዘጋጅታ ነበር፤ ጓንቱን ስታይ ተወችው።

«ፍሪጅሽ ኮረንቲ አልያዘም» አላት። «የሚነዝረው እኔን ብቻ ነው።»

የተበላሸው ቅዝቃዜውን ወደ ታች የሚነፋው ማራገቢያ ነበር። ብሎኖቹን ለመፍታት ጓንቱን አወለቀ፤ የሃያ ደቂቃው ሥራ ሁለት ሰዓት ፈጀ። የወደቁትን ሴትዮዋ ከጠረጴዛው ሥር እየለቀመች አቀበለችው። በመጨረሻ ማራገቢያው ዞረ። ድሮ ቢሆን እጁን ከትቶ ቅዝቃዜውን ራሱ ይለካ ነበር። አሁን ጓንቱን መልሶ አጥልቆ አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ቆመ።

«እስቲ እጅሽን አስገቢ። ታቹ በርዷል?»

አስገባች። «በርዷል።»

«ምን ያህል?»

«እኔ ምኑን አውቄ፣ ጋሼ? በርዷል አልኩህ።»

በሩን በክርኑ ገፍቶ ዘጋው።

«ትንሽ እንቆይና ደግመሽ ትነግሪኛለሽ» አላት።