ጫማው የግራ ነበር የቀኝ?

ሳቅ ከመጣብኝ አልችልም። ቀብር ላይ እንኳ ሳቅ አምልጦኝ፣ የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ጎስጉሼ የማለቅስ መስዬ የወጣሁበት ቀን አለ። ቤይሩት ከመጣሁ ወዲህ ሁለት ቤት በሳቅ ተባርሬያለሁ። በሁለተኛው ማዳም ፊቷን ጭቃ ተቀብታ ስልክ ላይ ስትጮህ፣ ጭቃው እየተሰነጠቀ ሻይዋ ውስጥ ሲረግፍ አይቼ ነው። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ያኔ ፉርን ኤል ሸባክ የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተን እንኖር ነበር። አራታችንም ከከፊል ቤት የወጣን ነን፤ ከፊል ማለት ያስመጣሽ፣ የመኖሪያ ወረቀትሽ በእሱ ስም የሆነ አሠሪ ነው። ከእሱ ቤት ከወጣሽ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀቱ፣ የለሽም። ያለ ኢቃማ አገር ቤት ከሄድሽ ደግሞ መመለስ የለም፣ ኸላስ። እኔ ልጄን የሦስት ዓመት ልጅ ሳለች ለእናቴ ትቻት ነው የመጣሁት፤ ያን ጊዜ አሥራ አንድ ሞልቷት ነበር። ስደውል "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ትለኝና ስልኩን ለአያቷ ታቀብላለች። ሄጄ ካላየኋት ጨርሳ ልትረሳኝ ነው፤ ከሄድኩ ደግሞ ምን አብልቼ አስተምራታለሁ? በዚህ ሐሳብ ስብሰለሰል ነው የከረምኩት።

እና አንድ ቀን ከከተማው ወጣ ብሎ ባዕብዳ ያለ አንድ ቤተሰብ አሮጊት የምትንከባከብላቸው ሴት እንደሚፈልግ ሰማን። ኢቃማ ያወጣሉ፣ በዓመት አንድ ወር አገር ቤት ይልካሉ ተባለ። ሥራ ካላት ከአንዷ በስተቀር ሦስታችንም ቀጠሮ ያዝን።

በክፍላችን አንድ ልማድ ነበረን። ለሥራ ስንጠራ የምንለብሰው ጥቁር ኮት አለ፤ አንድ ነው፣ በየተራ ነው። ከኮቱ ጋር ታሪክም እንዋዋሳለን። ታሪኩ ሊባኖስ አሥራ ሁለት ዓመት የኖረችው የታላቃችን ነው፤ ሦስት ጥሩ ጥሩ ቤት ያገኘችበት ስለሆነ ማን የራሱን ያወራል? እንዲህ ይላል፦ የስድስት ልጆች ታላቅ ነኝ። እናቴ አልጋ ላይ ስትውል ሦስት ዓመት ያስታመምኳት እኔ ነኝ። ባል የለኝም፣ ልጅ የለኝም፣ ውሻ አልፈራም። ማሳረጊያው ጫማው ነው። በአሥራ አንድ ዓመቴ የታናሽ ወንድሜን አንድ እግር ጫማ ወንዝ ወሰደው፤ እኔም ዳር ዳሩን ሁለት ሰዓት ሮጬ ከወንዙ አስጣልኩት። እዚህ ላይ ስንደርስ ማዳሞች "ያ ሃራም፣ ምስኪን" እያሉ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

ኮቱን ማን በየትኛው ቀን እንደሚለብስ ስንጨቃጨቅ ዋልን። ታሪኩን ማን እንደሚወስድ ግን አንዳችንም አላሰብንም።

የእኔ ተራ ሦስተኛው ቀን ላይ ደረሰ። አሮጊቷ፣ ሁሉም ቴታ፣ አያቴ እንደማለት፣ የሚሏቸው፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው በመስኮቱ ጥግ ተቀምጠዋል። የምትጠይቀኝ የልጅ ልጃቸው ናት። አንድ ትልቅ ድርጅት ውስጥ ሠራተኛ መራጭ ነች፤ ሁለት ገጽ ሙሉ ጥያቄ ይዛለች። ሰው ነገ የሚሠራውን ማወቅ ከፈለግሽ ትናንት የሠራውን ጠይቂው፣ ሥራ ቦታችን በዚህ ነው ሰው የምንቀጥረው፣ እያንዳንዱ መልስ ነጥብ አለው ብላ አስረዳችኝ። እኛስ አገር እናቷን አይተህ ልጇን አግባ ይባል የለ? ገባኝ። ስንተኛ ልጅ ነሽ? የመጀመሪያ። ሰው አስታመሽ ታውቂያለሽ? ሦስት ዓመት። እንደ ዳዊት እደግመው ጀመር። ወንዙ ጋ ስደርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ጫማው የግራ እግር ነበር የቀኝ?"

ጎንበስ ብዬ የገዛ ጫማዎቼን አየሁ።

"ከትናንት ወዲያ የመጣችው የግራ ነው አለችኝ። የትናንትናዋ የቀኝ ነው አለች። ላንቺ የቀረ እግር የለም።"

ወይ ጉድ! መጣብኝ። ከንፈሬን ነከስኩ፣ ጣሪያውን አየሁ፣ የሞቱ ዘመዶቼን አንድ በአንድ አስታወስኩ፤ አልሆነም። ኮቱ ድሮም ይጠበኛል፤ ስፈነዳ የደረቱ ቁልፍ ተበጥሶ ተስፈንጥሮ ቴታ ወንበር ሥር ገባ። ሲንከባለል ሳየው ባሰብኝ። እንባዬ እየወረደ ቁልፉን ፍለጋ በጉልበቴ ወለሉ ላይ ስድህ፣ ኢቃማውም ልጄም እንደ ጉም በነኑ፣ አበቃልኝ አልኩ በሆዴ። ልጅቷ ግን አላባረረችኝም። ያላ፣ ሳቅሽን ከጨረስሽ እንደገና እንጀምር፣ አሁን ያንቺን ንገሪኝ አለች።

ከቀረ ይቅር ብዬ ዘረገፍኩት። ስንተኛ ልጅ? የመጨረሻ፣ ያውም ሞልቃቃ። በልጅነትሽ ቤት ውስጥ ሥራሽ ምን ነበር? ሥራ ሲጀመር ጎረቤት መሄድ። ከትምህርት ቤት ቀርተሽ ታውቂያለሽ? ሰርግ በተደገሰ ቁጥር። መጀመሪያ ገንዘብ ያገኘሽው በምን? ለሰፈር ልጆች የፍቅር ደብዳቤ በመጻፍ፤ ለልጁም ለልጅቷም የምጽፈው እኔው ነበርኩ። ጀምረሽ የተውሽው ነገር አለ? ልብስ ስፌት፣ ፀጉር ሥራ፣ አንድ ባል። እዚህ ላይ ከመስኮቱ ጥግ እንደ ሳል ያለ ድምፅ መጣ። ቴታ እየሳቁ ነበር።

የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ደረስን።

"በእጅሽ ያደገ ሰው አለ?"

ያን ጊዜ ሳቁ ጠፋ። "ልጅ አለችኝ" አልኩ። "በእጄ ግን አላደገችም።"

ልጅቷ ነጥቤን ወረቀቷ ላይ ጻፈች። ከዚያ ደመረችና እውነቱን ነገረችኝ፤ ከመቶ ሠላሳ አንድ። በዚህ ወረቀት መሠረት ስድስት ወር አትቆዪም አለች፣ እያዘነች።

ቴታ ከብርድ ልብሳቸው ውስጥ እጃቸውን አወጡ። "እኔስ ስድስት ወር መቆየቴን ማን ነገረሽ? ይቺን አምጪልኝ።"

ጓደኞቼ ሳምንት ሙሉ አኮረፉኝ። ታላቃችን ታሪኬን አበላሻችሁት ብላ ጫማውን አስወጥታ በምትኩ የጠፋች በግ አስገባች። ኮቱን ቁልፉን ተክዬ መለስኩ።

ስድስት ወሩ አለፈ፣ ዓመቱም አለፈ፤ ቴታም እኔም አለን። ኢቃማዬ ወጣ። ለአንድ ወር አገር ቤት ልሄድ ሻንጣ ሳስር የልጅ ልጃቸው ያንን ወረቀት አምጥታ ሰጠችኝ። ሥራ ቦታ ላሳየው አፈርኩ፣ አንቺው ያዥው ብላ ሳቀች።

ልጄ እናቴ ቤት ሶፋው ጫፍ ላይ እግሯን ገጥማ ተቀመጠች። እንደ እንግዳ ነው ያየችኝ። ጫማ አመጣሁልሽ ስላት አመሰግናለሁ አለች፤ ራበሽ ስላት አልራበኝም። ወሬ አለቀብኝ። ምን እንደምትወድ፣ ምን እንደምትፈራ አላውቅም፤ የገዛ ልጄን! ጨነቀኝና ከቦርሳዬ ወረቀቱን አወጣሁ። የሥራ ፈተና ነው ብዬ ከዐረብኛው እየተረጎምኩ እጠይቃት ጀመር። ከትምህርት ቤት ቀርተሽ ታውቂያለሽ? አያቷን በዓይኗ ሰርቃ አየችና አንድ ቀን አለች በሹክሹክታ፤ ሰርግ ነበር። በስመ አብ!

"ጀምረሽ የተውሽው ነገር አለ?"

"ላንቺ ደብዳቤ። አምስት ጊዜ ጀምሬያለሁ። ምን እንደምትወጂ አላውቅማ።"

እንዳላለቅስ እንደ ዳኛ ኮስተር ብዬ በዚህ ወረቀት መሠረት ስድስት ወር አትቆዪም አልኳት። ፈነዳች። ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ የምትጠጣው ሻይ በአፍንጫዋ ወጥቶ፣ ከሶፋው ተንሸራታ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። የኔ ሳቅ ነው፤ ማንም አላስተማራትም። እኔም አጠገቧ ወረድኩ፤ እናቴ ሁለታችንንም እያየች አማተበች።

ሲበርድላት እጄን ይዛ አንቺስ ስንት አገኘሽ አለችኝ። ከመቶ ሠላሳ አንድ አልኳት። አሰብ አደረገች።

"እኔ ግን እቀጥርሻለሁ" አለች።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከዛሬ።"

የመመለሻ ትኬቴ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።