ግላስ የለበሰው ሞተር

ለከሰል የተከልነው ዛፍ ደርሶ የተሸጠ ዓመት አባቴ ሞተር እንግዛ አለ። «ምርቱን ከማሳ አስፋልት የሚያደርስ፣ በጥር ደግሞ ሰው መሀል ሲወጡበት የማያሳፍር ይሁን» አለ። እስከዚያ ድረስ ሁለቱንም ሥራ የሚሠራልን ፈረሳችን ነበር። በእኛ አገር ፈረስ ያርሳል፣ ይጭናል፤ ጥር ሲገባ ደግሞ ለፈረሰኞች በዓል የጌጥ ልብሱ፣ ግላሱ፣ ኮርቻው ላይ ይነጠፍለታል፣ ቀይ የክር ዘርፍ ደረቱ ላይ ይንጠለጠልለታል፣ ከሌሎቹ ጋር ሜዳ ወርዶ ይጋልባል። አባቴ ሞተር ቢልም በልቡ ሌላ ፈረስ እየገዛ ነበር።

ከቤታችን ሞተር የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። እንጅባራ ለትምህርት ስመላለስ አንድ ጋራዥ በር ላይ ቆሜ ሲፈቱና ሲገጥሙ አይ ነበር። የጣሉትን የተቀዳደደ የሞተር መመሪያ ወስጄ በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ አንብቤዋለሁ። የጎረቤታችንን አሮጌ ሞተር እየጠገንኩለትም መንዳት ለመድኩ። ታላቅ ወንድሜም በዚያው ሞተር ትንሽ ተለማምዶ ነበር፤ ከሞተር የሚያውቀው ግን በአብዛኛው ቀለሙን ነው። ቢሆንም ታላቅ እሱ ነው። ቁልፉ ማን እጅ እንደሚገባ እስከዚያ ማንም አልተናገረም። እኔ ግን ከዚያ ሌላ ነገር አላስብም ነበር።

ከመግዛታችን በፊት ከማሳችን እስከ አስፋልቱ ያለውን መንገድ በእግሬ ሄጄ አየሁት። መሀሉ ላይ ከፍታው አንድ ስንዝር የሆነ ድንጋይ አለ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ወደ ጉድባው ያዘነብላል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃው እግር ይውጣል። ይህን ሁሉ በቃሌ ይዤ ከአባቴና ከወንድሜ ጋር እንጅባራ ሄድኩ።

ባለሱቁ መጀመሪያ ያሳየን ባለ ሦስት እግሩን የጭነት ሞተር ነው።

«ይሄ ነው ለእርስዎ የሚሆነው፣ አባት። ያለዎትን ሁሉ ይጭንልዎታል።»

«መንገዳችን ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው» አልኩ። «ጭኖ ሲሄድ ይገለበጣል።»

ወንድሜ ይህን ጊዜ ዝቅ ያለች ቀይ ሞተር ላይ ተቀምጧል። «አባ፣ ይችን ይመልከቷት እስቲ! ፊትዎ ይታይባታል!»

«ሆዷ ዝቅ ያለ ነው» አልኩት። «ድንጋዩ ላይ ትቀመጥልሃለች።»

«ፈረስ መሰለችህ እንዴ? ምን ሆድ አላት?»

ባለሱቁ ሳቀ። እኔ ግን አንድ ጊዜ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ፣ ለጥናት የመጡ ሰዎች ከመኪናቸው ሲያወርዱት ያየሁት ሞተር ከልቤ አልወጣም ነበር። አራት ወፋፍራም ጎማ ነበረው፤ ጭቃውን እንደ ደረቅ መሬት ነበር የሄደበት። እንዲህ ያለ ይኖራቸው እንደሆነ ጠየቅሁ።

«እሱ እዚህ ማን ያመጣዋል?» አለ ባለሱቁ። «ቢመጣስ፣ አንድ ነገሩ ሲሰበር መለዋወጫውን ከየት ልታገኝ ነው?»

እውነቱን ነው። ከዚያ ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ የቆመውን ረጅሙን ሞተር አሳየኋቸው። ሆዱ ከፍ ያለ፣ ጎማው ጥርሳም ነው፤ ከኋላው ጆንያ የሚታሰርበት ብረት አለው። አባቴ ዞሮ ዞሮ አየውና «አንተ ያልከው ይሁን» አለኝ። ደረቴን ነፋሁ።

ባለሱቁ ቁልፉን ይዞ ወጣ። «ማን ነው የሚነዳው?»

«ታላቁ ነዋ» አለ አባቴ፤ ለማሰብ እንኳ አልቆመም። ቁልፉ በፊቴ አልፎ ወንድሜ እጅ ገባ።

«አንተ መረጥክ፣ እኔ ነዳሁ። ጥሩ ተካፈልን!» ብሎ ትከሻዬን መታኝ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ በኋላ ፈረሱ ለእኔ ቀረ። እያረስኩ ወንድሜ ከጥሊሊ ገበያ ሲመለስ ከሩቅ እሰማዋለሁ። ማርሹን መቼ እንደሚቀይር፣ መቼ መቀየር እንደነበረበት ድምፁ ይነግረኛል። ማርሽ ሲቀየር የሚጨበጠውን ፍሪሲዮን በግማሽ ይዞ የመንዳት ልማድ ነበረው፤ ሞተሩ ሲያቃስት እኔን የሚያመኝ ይመስለኝ ነበር። «ፍሪሲዮኑን ልቀቀው፣ ታቃጥለዋለህ» እለዋለሁ። «እሺ መምህር» ይለኛል። ማታ ሞተሩን የማጥበው፣ የኋላ ጎማውን የሚያዞረውን ካቴና ዘይት የምቀባው እኔ ነኝ። እሱ አጠገቤ ቆሞ በመንገድ ማን እንዳስቆመው፣ የትኛዋ ልጅ አድርሰኝ እንዳለችው ያወራል። አንድ ቀን እናቴ በአገውኛ «ሞተሩ በመጣ ቁጥር ፊትህ ለምን ይጠቁራል?» አለችኝ። ፀሐይ ነው አልኳት።

ጥር ሲደርስ ወንድሜ ወደ ሜዳው በሞተር እወርዳለሁ አለ። የፈረሱን ጌጥ በሙሉ አውጥቶ ግላሱን ሞተሩ መቀመጫ ላይ አነጠፈ፣ ቀዩን ዘርፍ መሪው ላይ አሰረ። አባቴ አይቶ ፈገግ አለ። እኔ የግላሱ ጫፍ የት ድረስ እንደወረደ ጎንበስ ብዬ አየሁ።

«ይህ የጫፉ ክር ረዝሟል። ካቴናው ይስበዋል።»

«ቅናት ነው የሚያናግርህ» አለኝ።

ቅናት ነበር። ክሩም ረጅም ነበር።

እኔ ጌጥ በሌለው ፈረስ ከኋላው ተከተልኩ። ሜዳው ዳር ስንደርስ ሰው ሁሉ ወደ ሞተሩ ዞረ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ወንድሜ ጥሩንባውን እየነፋ መሀል ገባ። ግማሽ ሳይደርስ የግላሱ ክር ወደ ካቴናው ተጎተተ፣ የኋላው ጎማ ተያዘና ሞተሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። ወንድሜ እንዳይወድቅ በሁለት እግሩ መሬቱን ረገጠ።

«ደክሞታል፣ ውሃ አጠጣው!» አለ አንዱ።

«ገብስ ስጠው እንጂ! ሲጭን ከርሞ!» አለ ሌላው።

ሜዳው በሙሉ ሳቀ። እኔም ከፈረሱ ላይ ሆኜ ደስ አለኝ፤ እንዲያ ያለ ደስታ ቁልፉን ባገኝ እንኳ የማገኝ አይመስለኝም።

ወንድሜ ሞተሩን እዚያው አቁሞ ወደ እኔ መጣ። ዓይኔን አላየኝም። «ውረድ» አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እባክህ።»

ወረድኩ። እሱ ፈረሱ ላይ ወጣ፣ እኔ ሞተሩን እየጎተትኩ ዳር አውጥቼ ሥሩ ተቀመጥኩ። ክሩን በቢላ መቁረጥ ይቻል ነበር፤ ግን ግላሱ የአባቴ አባት ግላስ ስለሆነ በጣቴ ከካቴናው ጥርስ መፍታት ጀመርኩ። ፈረሶቹ ሲነሡ መሬቱ ሥሬ ተንቀጠቀጠ። ቀና ስል ያ ጌጥ የሌለው ፈረስ ካጌጡት ሁሉ ቀድሟል። ወንድሜ አንገቱ ላይ ተኝቶ፣ ነጠላው ከኋላው እየተርገበገበ ይበራል። ከእልልታው መሀል የእናቴን ድምፅ ለየሁት። ያ ሁሉ ክረምት ያረስኩበት ፈረስ ነው። እንደዚያ መሮጥ እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ክሩን ፈትቼ ጨረስኩና የሞተሩን ማስነሻ ረገጥኩ፤ ወዲያው ተነሣ። ዘይት በነካው እጄ ቀስ ብዬ ወደ ሜዳው ነዳሁት። ሰው እንዲያየኝ ፈልጌ ነበር። ፈረሶቹ ደንብረው ወደ ኋላ አሉ።

«አንተ ልጅ! አጥፋው ይህን ነገር!» አሉ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን አንሥተው። «ፈረሶቹን ልትበትንብን ነው?»

አጥፍቼ እየገፋሁ ወጣሁ።

ማታ ወንድሜ ቁልፉን መደቡ ላይ፣ እጄ አጠገብ አስቀመጠ። «ከነገ ጀምሮ አንተ ንዳው። እኔ ፈረሱን ልያዝ፤ ለካ ረስቼው ነው የከረምኩ።» አባቴ «ይሁን» አለ።

በማግስቱ ገብስ ጭኜ ወደ ጥሊሊ ተነሣሁ። ድንጋዩን ሆዱ ሳይነካ አለፍኩት፤ ልክ እንደለካሁት ነበር። ወንድሜ ፈረሱን ይዞ መንገዱ ዳር ቆሟል። ትናንት ያዩት ሰዎች ከብበውታል፤ አንዱ የፈረሱን ግንባር ያሻል፣ ሌላው እግሩን ጎንበስ ብሎ ያያል። አልፌያቸው ሄድኩ። ቀና ያለ የለም። ከዚያ በኋላ መንገዱን ማየት ትቼ በመስታወቱ እነሱን መመልከት ጀመርኩ። ሞተሩ እያቃሰተ እንደሆነም አልሰማሁም፤ የሰማሁት ወንድሜ ከኋላዬ ሲጮህ ነው።

«ፍሪሲዮኑን ልቀቀው፣ መምህር! ታቃጥለዋለህ!»