እጅ አንጓ ላይ የተነቀሰ ስም

የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ሰቆጣ ውስጥ ይህ ሥራ ክፍል ውስጥ አያበቃም። የመድኃኒት ወረቀት የሚያስነብበኝ አለ፤ ከዓረብ አገር የመጣለትን መልእክት ስልኩን ዘርግቶ የሚያሳየኝ አለ፤ ቴሌቪዥኑ ምን አለ ብሎ የሚጠይቀኝም አለ። ለሁሉም መልስ እሰጣለሁ። የማላውቀውንም ቢሆን ደፍሬ እመልስ ነበር፤ «አላውቅም» የምትለው ቃል ከአፌ ከወጣች የተማርኩት ሁሉ አብሯት የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። በዚህ አመሌ አንዲት እናት በደልኩ።

እኒህ እናት ከትምህርት ቤቱ በታች ሻይ ቤት ነበራቸው። ባላቸው ቀደም ብለው ስለሞቱባቸው አንድ ወንድ ልጃቸውን ይዘው ከገጠር ከተማ ገቡና ሻይና ብስኩት እየሸጡ አሳደጉት። ልጁ ሲጎረምስ እንደ እኩዮቹ በባሕር ተሻግሮ ሳውዲ ለመግባት ተነሣ። ባሕሩ ዳር ደርሶ አንድ ጊዜ ደወለ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ስልክ ተቋረጠ፤ ስልኩ ሲመለስም ልጁ አልደወለም። እኔ የሻይ ቤቱ ደንበኛ የሆንኩት ከዚያ በኋላ ነው። እኔ «እማማ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «መምህር» ይሉኛል።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ቴሌቪዥን አለ። ዲሹ ክፍያ የሌለበት ስለሆነ ሰው የሚፈልገውን እግር ኳስ አያመጣም፤ ከሰዓት በኋላ ላይ የሚያሳየው የአሜሪካኖቹን የቅርጫት ኳስ ድጋሚ ነው። መጀመሪያ ሁሉም አጉረመረመ፤ በኋላ ለመደው። ማን ከማን እንደሚጫወት ግን ከእኔ በቀር የሚከታተል አልነበረም። ሰው የሚያየው የተጫዋቾቹን ክንድ ነበር። ከአንገታቸው እስከ ጣታቸው ድረስ ተነቅሰዋል፤ በእኛ አገር ደግሞ ንቅሳት የሴት ጌጥ ነው። እማማ ራሳቸው ግንባራቸው ላይ መስቀል፣ አንገታቸው ላይ ሦስት ረድፍ ንቅሳት አላቸው። ጣራ የሚነካ ጎልማሳ እንደ ሙሽራ አንገቱን ተነቅሶ ሲያዩ መጀመሪያ ሳቁበት፤ ቀጥሎ አዘኑለት፤ በመጨረሻ መጠየቅ ጀመሩ።

«መምህር፣ ይኸ ደሞ ምን ብሎ ነው የተነቀሰው?»

ለእሳቸው ያለ ምክንያት የተነቀሰ ገላ የለም። ግንባራቸውን እናታቸው በሕፃንነታቸው አስነቅሰዋቸዋል፤ አንገታቸውን ሊዳሩ ሲሉ ተነቅሰዋል። ስለዚህ ተጫዋቹም አንድ ነገር ቢኖረው ነው። እውነታቸውን ነበር። አንዳንዱን አንብቤ አውቀው ነበርና ነገርኳቸው። ደረቱ ላይ ያሳደገችውን አክስቱን ፊት ያስነቀሰ አለ። ክንዱ ላይ የተወለደበትን ሰፈር ቁጥር ያስጻፈ አለ። የልጆቹን የእግር አሻራ ትከሻው ላይ ያሳረፈ አለ፤ እማማ ይህን በጣም ወደዱት። ጀርባው ሙሉ መስቀል የሆነውን ሲያዩማ «ይኸስ የኛ ሰው ነው» ብለው የሚቀዱትን ሻይ ረስተው ቆሙ። አንድ ሾፌር «መምህራችንስ ምን ብሎ ይነቀስ?» ብሎ ጠየቀ፤ ሌላው ከጥግ «ዝም በሉ ብሎ ይነቀሳ» አለው። ቤቱ በሳቅ አውካካ።

የማውቀው አለቀ፤ ጥያቄው ግን አላለቀም። ስልኬን አውጥቼ መፈለግ እችል ነበር፤ ኔትወርኩ በደህናው ቀን ይሠራል። ግን ሰው እያየኝ ስልክ መጎርጎር ሲኮርጅ እንደ ተያዘ ተማሪ መሆን መሰለኝ። ስለዚህ ከራሴ መፍጠር ጀመርኩ። አንገቱ ላይ ክንፍ ያለውን «ከድህነት የወጣበት ነው» አልኩ። ክንዱ ላይ ሰዓት ያስነቀሰውን «ልጁ የተወለደችበት ሰዓት ነው» አልኩ። ሰው ሁሉ አንገቱን እየነቀነቀ ይሰማኛል። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይለኝ ነበር። ክፍል ውስጥ እንዲያ አፉን ከፍቶ የሚሰማኝ ተማሪ አግኝቼ አላውቅም።

አንድ ቀን አንድ ቀጭን ተጫዋች የቅጣት ኳስ ሊወረውር ቆመ። ከመወርወሩ በፊት የግራ እጁን አንጓ ወደ አፉ አምጥቶ ሳመ። ካሜራው ቀረብ ሲል አንጓው ላይ የወንድ ስም ተነቅሶ አየን።

«ማነው እሱ የሳመው?» አሉ እማማ። እጃቸው ላይ ማንቆርቆሪያ ነበር።

ጨርሶ አላውቅም። ዞር ብዬ ሳያቸው ግን የጠየቁኝ ስለ ተጫዋቹ ብቻ እንዳልሆነ ፊታቸው ላይ አነበብኩ። አንጀቴን በሉት። «ወንድሙ ነው» አልኳቸው። «ጠፍቶበት ነበር። ስሙን እጁ ላይ አስነቀሰ፤ ቆይቶ ተገኘ።»

እዚህ ላይ ባቆም ይሻል ነበር። አላቆምኩም፤ ያማረልኝ ነገር ላይ መጨመር ልማዴ ነው። «እዚህ አንጓቸው ላይ ለሞተ ሰው አይነቀሱም፤ ለሚጠብቁት ሰው ነው» ብዬ አከልኩ። እማማ ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና ጨዋታው እስኪያልቅ ቆመው አዩ።

በሳምንቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቁኝ። ከልጃቸው አሮጌ ደብተር የተቀደደ ወረቀት ይዘዋል። የልጁን ስም በትልልቁ እንድጽፍላቸው ለመኑኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። የጠፋ ሰው የሚያፈላልግ መሥሪያ ቤት ሊሄዱ ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ እንጂ ልቤ ያውቅ ነበር። ወረቀቱን የግቢው ግንብ ላይ አስደግፌ፣ ከመስመሩ ሳልወጣ፣ አሳምሬ ጻፍኩላቸው።

ነቃሿ ከጋዝጊብላ ለገበያ የሚወርዱ አሮጊት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ መስቀልና የአንገት ንቅሳት ሲሠሩ ኖረዋል እንጂ ፊደል ነቅሰው አያውቁም፤ ማንበብም አይችሉም። ወረቀቱን እያዩ ያለውን ሁሉ ገለበጡት። ጥላሸቱ በመርፌ ገብቶ ቁስሉ ሲሽር የልጁ ስም እማማ አንጓ ላይ ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ ከስሙ ሥር ደግሞ የደብተሩ መስመር አብሮ ተነቅሷል። ነቃሿ መስመሩም የስሙ አካል መስሏቸው ነው። እማማ እጃቸውን ዘርግተው ሲያሳዩኝ «አምሯል» አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ሆኑ። ከደንበኛው ጋር ይቀልዱ ጀመር። ለልጃቸው ጋቢ አሠርተው ሣጥን ውስጥ አስቀመጡ። የንስሐ አባታቸው እጃቸውን አይተው «መስቀል ቢሆን ባልከፋኝ፤ የሰው ስም ምን ይባላል?» ብለው ተቆጧቸው። እማማም «አባ፣ ልጁ ሲመጣ ንስሐ እገባለሁ» ብለው መለሱላቸው። ይህን ለእኔ እየሳቁ ነበር የነገሩኝ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

በዓመቱ ግድም ከልጁ ጋር የተሰደደ አንድ ወጣት ወደ አገር ተመለሰ። ባሕሩን ተሻግረው በበረሃ ሲጓዙ ልጁ ውሃ ጠምቶት፣ ታሞ እንደሞተና በገዛ እጁ እንደቀበረው ለልጁ አጎት ነገራቸው። አጎትየው ሰቆጣ ዙሪያ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። እንደ ወጉ ሽማግሌዎችንና የንስሐ አባትየውን አስከትለው በማለዳ መርዶ ሊነግሩ መጡ። እማማ ቆመው ሰሟቸው። ከዚያ የቀሚሳቸውን እጅጌ ሰብስበው አንጓቸውን አሳዩዋቸው።

«ለሞተማ እዚህ አይነቀስም» አሉ። «መምህር ነግሮኛል።»

ሽማግሌዎቹ ሰው ልከው አስጠሩኝ። ስደርስ ጋቢ የደረቡ አምስት ሰዎች ግቢው ውስጥ ቆመዋል፤ እማማ በራፉ ላይ ናቸው። አጎትየው በአገውኛ ሲለምኗቸው ቆይተው ደክሟቸዋል። የንስሐ አባትየው ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህር፣ ምን ብለህ ነው የነገርሃት? እስቲ እኛ ባለንበት ንገራት።»

የሚያስፈልገው አንድ ቃል ነበር። ዋሽቻለሁ፣ ስለዚያ ሰውዬ የማውቀው ነገር የለም ብል በቃ። ከሽማግሌዎቹ የሁለቱ ልጆች ተማሪዎቼ ናቸው፤ ነገ ከተማው ሁሉ መምህሩ ዋሾ ነው ይለኛል ብዬ ፈራሁ። «አባ፣ እኔ ያነበብኩትን ነው የነገርኳቸው» አልኩ። የመጀመሪያውን ውሸት ለእሳቸው አዝኜ ነው የዋሸሁት ብዬ ልከራከር እችላለሁ። ይሄኛው ግን ለራሴ ነበር። አጎትየው መሬት መሬት አዩ። እማማ «ሰማችሁ» ብለው ወደ ቤት ገቡ።

ለቅሶው ያለ እናቱ ተቀመጠ። በአጎትየው ደጅ ዳስ ተጣለ፤ የከተማው ዘመድ፣ የሻይ ቤቱ ደንበኛ፣ የእማማ የሰንበቴ ጓደኞች ሳይቀሩ ሄደው አለቀሱ። እኔም ሄጄ ከሰው መሐል ተቀመጥኩ፤ እንዴት እንዳላፈርኩ አሁንም ይገርመኛል። እማማ በዚያ ቀን ሻይ ቤታቸውን ከፍተው ዋሉ። አርባው ሲደርስም አጎትየው እናቱ ሳትኖር ተዝካሩን አላወጣም ስላሉ ሳይወጣ ቀረ። ከተማው እማማን መሸሽ ጀመረ። «እግዜር ያጥናዎት» እንዳይላቸው ይፈራል፤ «ልጅዎስ?» እንዳይላቸውም ይፈራል። ስለዚህ ሻዩን ሌላ ቤት ሄዶ ይጠጣል።

ከአርባው በኋላ፣ አንድ ቀን የመምህራን ማረፊያ ክፍል ቁጭ ብዬ ስልኬን አወጣሁና የዚያን ቀጭን ተጫዋች ስም ጻፍኩ። አንድ ብርጭቆ ሻይ የሚጠጣበትን ያህል ጊዜ እንኳ አልወሰደብኝም። አንጓው ላይ ያለው በእርግጥም የወንድሙ ስም ነው። ታላቁ ነበር፤ ኳስ መወርወር ያስተማረው እሱ ነው። ልጆች ሳሉ ሞቶበታል።

ሻይ ቤቱ የገበያ ቀን ሆኖ እንኳ ባዶ ነበር። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። ወንበር ስቤ ከእማማ ፊት ለፊት ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ክንፉንም፣ ሰዓቱንም፣ በሽማግሌዎቹ ፊት ያልኩትንም። አላቋረጡኝም። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ። ስጨርስ የጠየቁኝ ስለ ተጫዋቹ ነበር።

«ወንድሙ ሲሞት እሱ ስንት ዓመቱ ነበር?»

«አሥራ ሁለት ይላል።»

«ቀብሩ ላይ ነበር?»

«አላውቅም፣ እማማ።» ለእሳቸው ይህን ቃል ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

«ይኖራል እንጂ» አሉ። «ወንድሙ አይደል፤ አልቅሶ ነው የሚቀብረው።» አንጓቸውን አዩና «እኔ ግን ያን ቀን ሻይ ስሸጥ ዋልኩ» አሉኝ።

ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱና የልጃቸውን ስም ጠርተው ጮኹ። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በአገውኛ ያለቅሱ ጀመር። ለቅሶ ቤት ሙሾ የምታወርድ አለች፣ የሚቀበል አለ፣ ደረት የሚመቱትን እጆች የሚይዝ አለ። እዚያ ግን ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም፤ እኔም እጃቸውን ለመያዝ አልደፈርኩም። ጎረቤቱ ሁሉ ገበያ ወጥቷል። በመንገድ የሚያልፉ ሁለት ሴቶች ጩኸቱን ሰምተው በራፉ ላይ ቆሙና ማን እንደሞተ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። አንደኛዋ ግራ ገብቷት «እሱ ልጅ ተለቅሶ የለም እንዴ?» አለችኝ። ቢሆንም ሸክማቸውን አውርደው ገቡ፤ አጠገባቸው ተቀምጠው ጥቂት አለቀሱላቸው፤ ገበያው እንዳያልፍባቸውም ይቅርታ ጠይቀው ተነሡ። ሰቆጣ ለልጁ የሚያለቅሰውን አልቅሶ ጨርሶ ነበር። እናቱ የደረሱት ከሁሉ በኋላ ነው፤ ያዘገየኋቸውም እኔ ነኝ።