ዳልጮና ኪያ በአንድ ሰሌን ላይ

አርባ ምንጭ አቅራቢያ ባለችው ላንቴ ሙዝ የሚጭን አይሱዙ በመጣ ቁጥር ሾፌሩ ከመኪናው ሳይወርድ «ዳልጮ አለ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ዳልጮ ካለ ጭነቱ ቶሎ ያልቃል። ሌሎቹ ለሁለት የሚያነሡትን ዘለላ እሱ ብቻውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ እያፏጨ ይሄዳል። ሃምሳዎቹን ካጋመሰ በኋላም እንደዚያው ነበር። የራሱ ትንሽ የሙዝ ማሳ አለው። ሰው የሚያውቀው ግን በማሳው ሳይሆን በጉልበቱ ነው።

አንድ ቀን ዝናብ ጥሎ ባደረ መንገድ ላይ መኪናው ጭቃ ውስጥ ቆሞ፣ ዳልጮ ዘለላውን ወደ ላይ ሲያቀብል እግሩ አዳለጠው። ዘለላው ወደቀ። እሱ ግን አልወደቀም፤ እንደቆመ ደርቆ ቀረ። መታጠፍም መቃናትም አቃተው። ጎረቤቱ ይፍሩ የሚቀልድ መስሎት ሳቀ። ፊቱን ሲያይ ሳቁ ጠፋ። ወዲያው ባጃጅ ተጠርቶ አርባ ምንጭ ወሰዱት።

አጥንቱ ደህና ነበር። የተጎዳው የወገቡ ጡንቻ ስለሆነ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ተላከ። እዚያ የተቀበለው ጥዑመልሳን የሚባል ረጋ ያለ ወጣት ባለሙያ ነው።

«አባባ፣ ለጊዜው ምንም ነገር አያነሡም» አለው። «ውኃ የሞላ ባልዲም ቢሆን። እቤትዎ ሆነው ደግሞ በየቀኑ ይህችን ይሠራሉ። በደረትዎ ይተኛሉ፤ ከዚያ በክንድዎ ተደግፈው ደረትዎን ቀስ አድርገው ቀና ያደርጋሉ። ትንሽ ቆይተው ይመለሳሉ።»

ዳልጮ አሰበና «እንደ አዞ?» አለ።

«ልክ እንደ አዞ» አለ ጥዑመልሳን እየሳቀ።

ዳልጮ እሺ ብሎ ወጣ። ቤቱ ሲደርስ ግን አልሠራውም። ግቢው መንገድ ዳር ነው፤ ሰው እንደፈለገ ይገባል ይወጣል። ትናንት ዘለላ ተሸክሞ ሲያፏጭ ያዩት ሰዎች ዛሬ መሬት ላይ ተደፍቶ ቢያዩት ምን ይላሉ? ማንጎው ሥር ወንበር አስወጥቶ ተቀመጠ። እዚያው ይውላል። አይሱዙ በመንገዱ ሲያልፍ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ባለቤቱ አበቡ የበቆሎና የሽፈራው ቅጠል ምግቡን ኩርኩፋ ሠርታ ስታቀርብለት እንኳ እንደ ድሮው አይበላም። «ያልሠራ ሰው ምን ብሎ ይርበዋል» ይላል።

በዚያ ሰሞን ቤቱ ውስጥ ሕፃን ነበረች። ልጃቸው ዕድላዊት መምህርት ናት። ባሏ ነህምያ ለመንገድ ሥራ ጂንካ ስለሆነ፣ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወደ እናቷ ቤት መጥታ ኪያን ወልዳለች። ኪያ አራት ወሯ ነው። ጉንጯ የሞላ፣ እግሯ እንደ ዳቦ የተጠቀለለ፣ ላያት ሁሉ የምትስቅ ልጅ ናት። ከሰው እጅ ወርዳ ግን አታውቅም። አበቡ ስታወርዳት አክስቷ ትቀበላለች፤ አክስቷ ሲደክማት ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ሴቶች ይሻማሉ። ያልታቀፋት አያቷ ብቻ ነው። እሱ ከወንበሩ ሆኖ ጣቷን ይነካል፣ ከዚያ እጁን ይሰበስባል።

ዕድላዊት ኪያን ለክትባት ጤና ጣቢያ ስትወስዳት፣ አይዳ የምትባል ነርስ ሕፃኗን አልጋው ላይ በደረቷ አስተኛቻት። ኪያ ራሷን ለማንሣት እንኳ አልሞከረችም። ፊቷን ጨርቁ ላይ ደፍታ እሪ አለች።

«ምን ሆነች? የታመመች ነገር አለ?» ዕድላዊት ደነገጠች።

አይዳ ኪያን አገላብጣ፣ እጅ እግሯን እያጠፈች እየዘረጋች አየቻት። «ምንም አልሆነችም። ጤነኛ ናት» አለች። «አንገቷና ትከሻዋ ሥራ ፈትቶ ነው። ሁሌ የሚታቀፍ ልጅ ለምን ብሎ ራሱን ያነሣል? ነቅታ ስትጫወት፣ ጠንከር ያለ ምንጣፍ ላይ በደረቷ አድርጊያት። አጠገቧ ሁኚ፣ አነጋግሪያት፣ አሻንጉሊት አሳዪያት። ካለቀሰች አንሥተሽ ቆይተሽ ትሞክሪያለሽ። እንቅልፍ ሲሆን ግን በጀርባዋ ነው።»

ዕድላዊት ይህን እቤት ስትናገር አበቡ ማመን አቃታት።

«መሬት ላይ? የሰው ልጅ እንደ በቆሎ ልትሰጣ ነው?»

«እማዬ፣ ነርሷ ናት ያለችው። ምንጣፍ ላይ እኮ ነው።»

«ይበርዳታል!»

«ላንቴ ላይ?» አለ ዳልጮ ከወንበሩ። በባርኔጣው እያራገበ ነበር። አበቡ በዓይኗ ብቻ ዝም አሰኘችው።

ዕድላዊት ሰሌን አንጥፋ ንጹሕ አንሶላ ደረበችበትና ሞከረች። ኪያ ጮኸች፤ አበቡ ከማድ ቤት በሩጫ መጥታ አነሣቻት። በማግሥቱ ሞከረች፤ ያው ሆነ። በሦስተኛው ቀን ዕድላዊት ገና ሰሌኑን ስትዘረጋ አበቡ ኪያን አዝላ ወጣች።

ነገሩ የተለወጠው አበቡ ለሠርግ ድግስ ልታግዝ ጎረቤት ቀበሌ ጫኖ የሄደች ዕለት ነው። ዕድላዊት አጋጣሚውን አገኘችና ሰሌኑን ማንጎው ሥር ዘርግታ ኪያን በደረቷ አስተኛቻት። ራሷ እዚያው አጠገብ ልብስ ታጥባለች። ኪያ እንደተለመደው ፊቷን ደፍታ ጩኸቷን አቀለጠችው።

«አንሺያት እንጂ!» አለ ዳልጮ።

«እጄ አረፋ ነው አባዬ፣ ልለቅለቅ።»

ዳልጮ ተነሣ። ማንሣት አይችልም። ጎንበስ ለማለት ሞከረ፣ ወገቡ እምቢ አለ። ቢጨንቀው ወንበሩን ይዞ በጉልበቱ ወረደ፤ ከዚያ በእጁ ተደገፈ፤ ከዚያ እንደምንም ብሎ በደረቱ ተኛ። ፊቱ ከኪያ ፊት ጋር ሊነካካ ምንም አልቀረው።

«ምን ሆንሽ አንቺ?» አለ።

ኪያ ድምፁን ሰምታ ዝም አለች። ከዚያ ራሷ እየተንቀጠቀጠ፣ እንደ ከባድ ነገር እየተነሣ፣ ከአንሶላው ላይ ቀና አለ። የአያቷን ሪዝ አየች። በዚያ ርቀት አይታው አታውቅም። ዓይኗ ፈጠጠ፣ አፏ ተከፈተ፣ ምራቋ ተዝረከረከ፤ ሳቀችና ተመልሳ ተደፋች።

«አየሽ ዕድላዊት? አየሽ?» ዳልጮ ደስታው አስረሳውና ሊያሳያት በክንዱ ተደግፎ ደረቱን ቀና አደረገ።

ዕድላዊት እጇ ውኃ ውስጥ እንዳለ ቀረ። «አባዬ» አለች፣ «ሐኪሙ ያዘዘህ ይህን አይደል?»

ዳልጮ ራሱን አየ። እውነትም እንደ አዞ ሆኗል። ኪያም እንደገና ቀና አለች፤ ትንሿ አዞ። አባትና ልጅ እስኪያማቸው ሳቁ። ዳልጮ ከዚያች የጭነት ቀን በኋላ ሲስቅ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ከዚያ በኋላ ማንጎው ሥር ያለው ወንበር ባዶ ሆነ። ጠዋት አበቡ ከቤት ስትወጣ ሰሌኑ ይነጠፋል፣ ሁለቱ ፊት ለፊት ይተኛሉ። ዳልጮ በጋሞኛ ያንጎራጉራል፤ ኪያ ራሷን አንሥታ ታዳምጣለች። ሲደክማት በጀርባዋ ይገለብጣትና «አሁን እረፍት» ይላታል። ቀይ የጀሪካን ክዳን በገመድ አስሮ በፊቷ ያንቀሳቅሳል፤ ገመዱን ከእጁ አይለቅም፣ ክዳኑም አፏ የማይገባ ትልቅ ነው። ባርኔጣውን ከአጠገቧ ትንሽ አርቆ ያስቀምጥና ስትዘረጋበት ይጠብቃል። ደረስኩ ስትል አያርቅባትም፤ ያ ክፋት ነው ይላል። የደረሰችበትን ይዛ ትልሰዋለች።

አንድ ቀን ይፍሩ በአጥሩ በኩል ገባና ቆሞ ቀረ።

«ዳልጮ፣ ምን ጠፋብህ?»

ዳልጮ ሊነሣ አሰበ። ግን ኪያ ሪዙን ይዛ ነበር። «የጠፋብኝ ወገቤ ነው» አለ እንደተኛ። «ይህቺ ልጅ እያፈላለገችልኝ ነው።»

ይፍሩ ሳቀ፤ ዳልጮም ሳቀ። የፈራው ነገር ይኸው ነበር፣ መጥቶ አለፈ። ጭራሽ ይፍሩ ጫማውን አውልቆ ሰሌኑ ጠርዝ ላይ ተኛና ሊሞክር ደረቱን ቀና ቢያደርግ «ኧረ ይህ ሥራ ነው!» ብሎ ተዘረረ።

አበቡ ነገሩን ያወቀችው ከገበያ ቀድማ የተመለሰች ዕለት ነው። በሩ ላይ ቆማ ባሏንና የልጅ ልጇን በደረታቸው ተኝተው አየች። «ዳልጮ! ይህ ምን የሚሉት ነው?» ብላ ጮኸች።

ኪያ ድምፁን ታውቀዋለች። ወደዚያ ልትዞር ፈለገች። ራሷን አዞረች፣ ትከሻዋ ተከተለ፣ አንድ እግሯ አየር ላይ ተንጠለጠለ፤ ከዚያ ዱብ ብላ በጀርባዋ ተገለበጠች። ራሷም ገረማት። ተገልብጣ አያቷን እያየች ሳቀች።

አበቡ ዘንቢሏን አስቀመጠች። ዳልጮ ቁጣ ጠበቀ። እሷ ግን መጥረጊያ አንሥታ በሰሌኑ ዙሪያ መጥረግ ጀመረች። «ጉንዳን አለ እዚህ» አለች ቀና ሳትል። «መጀመሪያ ጥረጊልን አትሉም?»

ዳልጮ ለቀጠሮው ሲመለስ ያለ ደጋፊ ገባ። ጥዑመልሳን አስጎንብሶ ሲያየው ተደሰተ። «አንዳንድ ሰው እቤቱ አይሠራም፤ እርስዎ ግን በርትተዋል» አለ።

«አሠልጣኝ አለችኝ» አለ ዳልጮ፤ ዕድላዊት ስልኳን አውጥታ ፎቶውን አሳየች። ጥዑመልሳን ስቆ ሲያበቃ ግን ቁም ነገሩን አልደበቀም። «ቀላል ነገር ማንሣት ይችላሉ፣ ማሳ ውስጥ መሥራት ይችላሉ፤ ዘለላ መሸከም ግን አበቃ» አለው።

ዳልጮ ባጃጁ ላንቴ እስኪደርስ በመንገዱ ዳር ያለውን ሙዝ ሁሉ አየ። እቤት ሲገቡ ኪያ አበቡ ክንድ ላይ ነበረች። ዳልጮ ቆም አለና «ሕፃን ቀላል ነገር ውስጥ ትገባለች?» አለ።

«ጠይቄዋለሁ» አለች ዕድላዊት። «ትገባለች ብሏል። ተቀምጠህ ተቀበላት።»

ተቀመጠ። አበቡ ኪያን ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። ያኔ አለቀሰ፤ ስለ ዘለላው ይሁን ስለ ልጅቷ ማንም አልጠየቀውም።

ዳልጮ ዛሬ ማሳው ውስጥ ይውላል። መኪና ሲመጣ ለመጫን የደረሰውን ሙዝ ይመርጣል፤ ወጣቶቹንም «በወገብህ አይደለም፣ በጉልበትህ ቁጭ ብለህ ተነሣ» እያለ ይቆጣል። ጠዋትና ማታ ግን የኪያ ነው። መዳህ ስትጀምር እሱ ሰሌኑ ላይ ይዘረርና ኮረብታ ይሆንላታል፤ እሷ በሆዱ ላይ ወጥታ በማዶ ትወርዳለች። ለሥራ ቁጭ ሲል ሱሪውን ይዛ ትቆማለች። የሰፈሩ እናቶችም ልጆቻቸውን ይዘው ከሰዓት በኋላ ወደ ማንጎው ሥር መምጣት ለመዱ፤ ሰሌኑ ስለጠበበ አበቡ ሌላ ጨመረች። አንድ ሕፃን ሲያለቅስ ሁሉም ያለቅሳል፤ አንዱ ሲስቅ ሁሉም ይስቃል።

ነህምያ ለበዓል ሲመጣ ኪያ ገና መራመድ መጀመሯ ነበር። ባለፈው እሑድ አብረው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አባቷ ሊታቀፋት እጁን ዘረጋ። ኪያ እምቢ አለች። አበቡ ልታዝላት ነጠላዋን አዘጋጀች፤ ለእሷም እምቢ አለች። መንገዱ ላይ ወርዳ እግሯን ሰፋ አድርጋ፣ እጇን እንደ ክንፍ ዘርግታ መሄድ ጀመረች። ጠጠር ባየች ቁጥር ትቆማለች፣ ትመረምራለች፣ ትቀጥላለች። ምሳ ቀዘቀዘ። ከኋላ የመጣ ሰው ሁሉ ሰላም ብሎ አለፋቸው።

«በዚህ አካሄድ መቼ ልንደርስ ነው?» አለ ነህምያ።

«ምን ያስቸኩልሃል?» አለ ዳልጮ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከኋላዋ ቀስ እያለ። «ልጅቷ እየሄደች ነው።»